የአንድ ተክል ብዙ ስሞች፦ «ቃጫ»፣ «ሐሺሽ» እና «አደንዛዥ ዕፅ» በሕግ አማርኛ ታሪክ

በሰሜን አዲስ አበባ፣ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው በጉለሌ፣ አንድ ቃል ይዞ የሚዞር ሰው በግማሽ ቀን ውስጥ ከአራት ዓይነት ባለሙያ ጋር ሊነጋገር ይችላል። በሽሮ ሜዳ ገበያ ገመድ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ 705 ሄክታር ያህል ስፋት ባለው በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ተክሎችን በላቲን ስማቸው የሚመዘግብ የሥነ ዕፅዋት ሊቅ አለ፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ሰፈር፣ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ ንጥረ ነገር የሚመረምር ኬሚስት አለ፤ በክፍለ ከተማውም የወንጀል መዝገብ የሚያዘጋጅ መርማሪ አለ። ለእነዚህ ለአራቱ እንግሊዞች «ሄምፕ» የሚሉትን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ብንጠይቃቸው፣ የመጀመሪያው «ቃጫ» ነው ይለናል፤ ሁለተኛው «ካናቢስ ሳቲቫ» ይላል፤ ሦስተኛው «የቲኤችሲው መጠን ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አራተኛው ደግሞ ያለ ማመንታት «አደንዛዥ ዕፅ» ብሎ ይጽፋል። አራቱም በየሙያቸው አልተሳሳቱም። ይሁን እንጂ ከአራቱ መልሶች አንዱ ሰውን ነጋዴ፣ ሌላው እስረኛ ያደርገዋል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ተክል ስያሜዎች ታሪክ ባጭሩ ለመመርመርና ባለፉት ጥቂት ዓመታት በውጭ አገር፣ በተለይም በአሜሪካ፣ ከተክሉ ስለሚወጡ የሚበሉና የሚጠጡ ነገሮች የተለዋወጡት ሕጎች በአማርኛ ትርጉም ላይ ያስከተሉትን ችግር ለማሳየት ይሞክራል። ነገሩ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ብቻ የሚተው አይደለም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ባቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት፣ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢኖር የሚጸናው የአማርኛው ነው። ስለዚህ በአገራችን ሕግ የአማርኛው ቃል የትርጉም ጥላ ሳይሆን ራሱ ሕጉ ነው። ቃሉ ከሰፋ ወንጀሉ ይሰፋል፤ ከጠበበም ይጠባል።

፩. የነገሩ ጥንታዊነትና የስሙ እንግዳነት

ብዙዎች ይህ ተክል በቅርብ ዘመን ከውጭ የገባ ባዕድ ነገር ይመስላቸዋል። የአርኪዮሎጂ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ዶምብሮቭስኪ የተባሉት ተመራማሪ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ «የላሊበላ ዋሻ» በሚባል ስፍራ ባደረጉት ቁፋሮ (ዋሻው በላስታ ካሉት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ነው) የማጨሻ ሸክላዎች ተገኝተዋል። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቭ በሁለቱ ሸክላዎች ላይ የቀረውን ቅሪት በኬሚካዊ ዘዴ መርምረው የካናቢስ ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጽሑፋቸው አስታወቁ። የሸክላዎቹም ዘመን እ.ኤ.አ. 1320 ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሊል እንደሚችል ተገምቷል። ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከኮሎምቦስ በኋላ ስለሆነ፣ እነዚህ ሸክላዎች ትንባሆ ከመምጣቱ በፊት በአገራችን ማጨስ እንደነበረ ያመለክታሉ።

ይሁንና ሸክላው ቅሪቱን ጠበቀ እንጂ ስሙን አልጠበቀም። ዛሬ በአማርኛ ተናጋሪው አፍ የሚሰሙት የተክሉ ስሞች አብዛኞቹ ውሰት ናቸው። «ሐሺሽ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ሣር ወይም ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። «ጋንጃ» ከህንድ ቋንቋዎች ተነሥቶ በካሪብያን ደሴቶች በኩል ዞሮ የመጣ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቁር ሕዝቦች ወገኖች በሻሸመኔ መሬት ከሰጡ በኋላ በዚያ የሠፈሩት የራስ ተፈሪያን አማኞች ቃሉን በአካባቢው አስለመዱት። «ካናቢስ» ደግሞ ከግሪክና ከላቲን ወደ ሳይንስ፣ ከሳይንስም ወደ ሕግ የገባ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱም ስለ ተክሉ ጭረት ወይም ዘር አይናገርም። ሁሉም በማጨስ ወይም በመከልከል መንገድ የመጡ ናቸው። በአማርኛ የመጀመሪያው ችግር ከዚህ ይጀምራል፦ አውሮፓውያን ተክሉን አስቀድመው የሚያውቁት በመርከብ ገመድና በሸራ ሲሆን እኛ ግን በጢሱ ነው።

፪. «ዕፅ»፦ ከገነት እስከ ወንጀል መቅጫ

«ዕፅ» በግእዝ ዛፍ፣ እንጨት፣ ተክል ማለት ነው። ዕፀ ሕይወት፣ ዕፀ በለስ፣ ዕፀ መስቀል የሚሉትን የማያውቅ አንባቢ የለም። ከዚሁ ቃል «ሥነ ዕፅዋት» የሚለው የሳይንስ ስያሜ ተገኝቷል። ይህ ክቡር ቃል ግን በሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ «አደንዛዥ» ከሚለው ቅጽል ጋር ተጣምሮ አዲስ ኑሮ ጀመረ፤ ከዚያም ቅጽሉ እየተጣለ ዛሬ «ዕፅ ይጠቀማል» ሲባል ማንም ሰው ዛፍ የሚያስብ የለም። በቋንቋ ጥናት የትርጉም መጥበብና መዝቀጥ የምንለው ሂደት በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሲፈጸም ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

«አደንዛዥ» የሚለው ቅጽል በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ናርኮቲክ» የሚሉት ከግሪክኛ መደንዘዝ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ፈረንሳዮችም በሕጋቸው የሚጠቀሙበት «ስቱፔፊያን» ከዚሁ ከመደንዘዝና ከመፍዘዝ ሐሳብ የተወለደ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በስዊሱ ሊቅ በዦን ግራቨን በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ መሆኑን ስናስታውስ፣ «ደነዘዘ» ከሚለው ግሥ ቅጽል ያወጣ ተርጓሚ ምንጩን በሚገባ እንደ ተረዳ እንመሰክራለን። ጉድለቱ ያለው ከቅጽሉ ሳይሆን ከስሙ ላይ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያዘው የኮኬይን ዱቄት፣ በፋብሪካ የሚሠራው እንክብል፣ በመርፌ የሚሰጠው ፈሳሽ ሁሉ በዜና «አደንዛዥ ዕፅ» ይባላል። ይህም ማለት ስያሜው የነገሩን መልክ ትቶ የሕጉን ፍርድ ብቻ ይናገራል ማለት ነው።

ሌላም መዘዝ አለ። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚጠራውን አማርኛ በሁለት ከፍሎታል፤ የሚያድነው «መድኃኒት»፣ የሚያጠፋው «ዕፅ» ሆኗል። ይህ ክፍፍል ለስብከት ይመቻል፤ ለሕግ ግን አስቸጋሪ ነው። ሐኪም ለካንሰር ሕመምተኛ የሚያዘው ሞርፊን በዓለም አቀፉ ስምምነት መሠረት ቁጥጥር የሚደረግበት ናርኮቲክ ነው። የሕመምተኛው ቤተሰብ «አደንዛዥ ዕፅ ሊሰጡት ነው» ብሎ ከሰማ ስቃይን ማስታገሱን እምቢ ቢል አይፈረድበትም። የመድኃኒት ሕጎቻችን፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 661/2002፣ በኋላም እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ «ናርኮቲክ» እና «ሳይኮትሮፒክ» የሚሉትን ቃላት በውሰት መጠቀማቸው ከዚህ አንጻር የሚደገፍ ነው። ውሰቱ ድርቅ ያለ ቢመስልም አያስደነግጥም፤ አይፈርድምም።

፫. ሦስት የተምታቱ ስሞች

ሀ) ዕፀ ፋርስ። በግእዝ አነባበብ «የፋርስ ዕፅ» ማለት ነው፤ በሕዝብ አፍ «አጤ ፋሪስ» ወይም «አጠፋሪስ» እየተባለ የንጉሥ ስም እስከ መምሰል ደርሷል። የሥነ ዕፅዋት መዛግብት በዚህ ስም የሚያውቁት ተክል ዳቱራ ስትራሞኒየም የተባለውን በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻው መጣያ የሚበቅለውን እሾሃማ ፍሬ ያለው አረም ነው። ሌላው ስሙ «አስተናግር» ሲሆን «ተናገረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ የበላው ሰው ስለሚቃዥና ስለሚለፈልፍ በትክክል ተሰይሟል። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉት መርዞች ናቸው እንጂ ቲኤችሲ የለበትም። ይሁን እንጂ በጋዜጣና በፖሊስ ዜና «ዕፀ ፋርስ» ለካናቢስ ሲውል ይገኛል። ዳቱራ በዓለም አቀፉ የናርኮቲክ ስምምነት ሠንጠረዦች ውስጥ የለም፤ ካናቢስ ግን አለ። ስለዚህ በክስ ማመልከቻ ላይ «ዕፀ ፋርስ» ብሎ መጻፍ ሁለት የተለያዩ ተክሎችን በአንድ ገመድ ማሰር ነው።

ለ) ሐሺሽ። በዓለም አቀፍ የሙያ ቋንቋ ሐሺሽ የሚባለው የተክሉ ሙጫ ነው። በአዲስ አበባ አነጋገር ግን «ሐሺሽ» ማለት በአብዛኛው ደርቆ የሚጨሰው ቅጠልና አበባ ነው። አንድ ምስክር በፍርድ ቤት «ሐሺሽ አየሁ» ሲልና አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ያንኑ ቃል እንዳለ ሲያሻግረው፣ ዳኛው የሚረዳው ምስክሩ ያላየውን ነገር ነው። ሙጫና ቅጠል በብዙ አገሮች ሕግ የተለያየ ቅጣት ስላላቸው ስሕተቱ በዓመታት እስራት ሊቈጠር ይችላል።

ሐ) ቃጫ። በሽሮ ሜዳ ገበያም ሆነ በሌላው አገር ቃጫ ማለት ከሲሳል ወይም ከእንሰት የሚወጣ ጭረት ነው። ገመድ ይፈተልበታል፤ ጆንያ ይሠራበታል። የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ሄምፕ» ለሚለው «ቃጫ» የሚል አቻ የሰጡት፣ ሁለቱም ገመድ ስለሚሆኑ ነው። ለመርከብ ታሪክ ወይም ለልብ ወለድ ትርጉም ይህ አቻ ይበቃል። አንድ ጣፋጭ ከረሜላ በላዩ ላይ «ከሄምፕ የተገኘ» የሚል ጽሑፍ ይዞ በመጣ ጊዜ ግን «ከቃጫ የተገኘ» ብሎ መተርጐም አንባቢን በእጅጉ ያሳስታል። ከቃጫ የተሠራ ከረሜላ የሚበላ ሰው የለም፤ አንባቢውም የሚያስበው ምንም ጉዳት የሌለበት የገመድ ተረፈ ምርት ነው።

፬. ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ትርጓሜያቸው

ይህ ተክል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ የገባው በጄኔቭ በተደረገው በሁለተኛው የአፒየም ጉባኤ፣ በግብጽ ልዑካን ግፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። በዚያ ስምምነት የተክሉ ስም «የህንድ ሄምፕ» ነበረ። «የህንድ» የሚለው ቅጽል የተጨመረው አውሮፓውያን ገመድና ሸራ ከሚሠሩበት ከራሳቸው ሄምፕ እንዲለይ ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 የሰየመው «ካናቢስ ሳቲቫ» እና በኋላ ላማርክ «ካናቢስ ኢንዲካ» ያለው ልዩነት በሕግ ቋንቋ ቅጽል ሆኖ ገባ ማለት ነው። ሕጉ ተክልን ከተክል ለመለየት የሞከረው በአገር ስም ነበረ።

እ.ኤ.አ. የ1961 የናርኮቲክ መድኃኒቶች ነጠላ ስምምነት ይህን አካሄድ ለወጠው። «ካናቢስ» ማለት ሙጫው ያልወጣለት የተክሉ የሚያብብ ወይም የሚያፈራ ጫፍ ነው ሲል ተረጐመ፤ ጫፉ ካልተከተላቸው በቀር ዘርንና ቅጠልን ከትርጓሜው አወጣ። በ28ኛው አንቀጽም ለጭረትና ለዘር ተብሎ ለኢንዱስትሪ ብቻ የሚለማውን ተክል ከስምምነቱ ነጻ አደረገ። እንግዲህ መለያው አገር መሆኑ ቀርቶ የተክሉ ክፍልና የልማቱ ዓላማ ሆነ። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1965 አጸደቀች፤ የ1971ዱን የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት በ1980፣ የ1988ቱን ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነት ደግሞ በ1994 ተቀበለች።

በአገር ውስጥ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነገሩን በአንቀጽ 510 ይዞት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ተካው። አዲሱ አንቀጽ ከመርዛማና ከአደንዛዥ ነገሮች ጋር ሳይኮትሮፒክ የሆኑትንና ዕፆችንም በስም ያነሣል፤ ያለ ፈቃድ የሚያበቅል፣ የሚያመርት፣ የሚያዘዋውር ሰው ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል፤ መጠቀምንም ወንጀል ያደርጋል። ለትርጉም ባለሙያ ሊጤን የሚገባው ነጥብ አንቀጹ በመቶኛ የሚለካ ወሰን አለማበጀቱ ነው። በእኛ ሕግ ጥያቄው «ምን ያህል?» ሳይሆን «ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ነው።

የእነዚህ ስምምነቶች ሠንጠረዦችም ለተርጓሚ ወጥመድ ናቸው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2020 የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ኮሚሽን በ27 ድጋፍ፣ በ25 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ካናቢስን ከስምምነቱ ከአራተኛው ሠንጠረዥ አወጣ። ይህ ሲተረጐም «ካናቢስ ከተከለከሉት ዝርዝር ተሠረዘ» ቢባል ፍጹም ስሕተት ነው። ተክሉ በአንደኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ባለበት ጸንቷል፤ የተነሣለት የሕክምና ጥቅም የለውም የሚያሰኘው ተጨማሪ ጥብቅነት ብቻ ነው።

፭. ዜሮ ነጥብ ሦስት በመቶ

ራፋኤል መሹላምና የሒኤል ጋኦኒ እ.ኤ.አ. በ1964 የተክሉን ዋነኛ አስካሪ ንጥረ ነገር ለይተው ካወጡ በኋላ፣ ሕግ ከተክል ክፍል ወደ ሞለኪውል ሄደ። ንጥረ ነገሩ «ዴልታ-9-ቴትራሃይድሮካናቢኖል» ሲባል በአጭሩ ቲኤችሲ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳዊው ኧርነስት ስሞልና አሜሪካዊው አርተር ክሮንክዊስት «ታክሶን» በተባለው መጽሔት ስለ ተክሉ አመዳደብ ባወጡት ጥናት ለሁለቱ ወገኖች ድንበር ይሆን ዘንድ በደረቅ ክብደት 0.3 በመቶ ቲኤችሲን ወሰዱ። ድንበሩም ተፈጥሮ ያበጀችው ሳይሆን ለአመዳደብ ምቾት የተመረጠ መሆኑን ራሳቸው ገልጸዋል። ዕፅዋትን በመዝገብ ለመለየት የተቀመጠ ቊጥር ከአርባ ዓመት በኋላ የወንጀልና የንግድ ድንበር ሆነ፤ ይህም የስያሜ ጥናት በሰው ሕይወት ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ያሳያል።

የአሜሪካ የእርሻ ሕግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2018 ሲፈረም፣ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ-9 ቲኤችሲ ያለውን ካናቢስ «ሄምፕ» ብሎ ከአደገኛ ንጥረ ነገሮች ዝርዝር አወጣው። ሕጉ ግን ተክሉን ብቻ አላለም፤ ከእርሱ የሚወጡ ተዋጽኦዎችን፣ ጭማቂዎችን፣ ካናቢኖይዶችንና ኢሶመሮችን ሁሉ ጨመረ። ገበያው እነዚህን ቃላት እንደ ጠበቃ አነበባቸው። ካናቢዲዮል የተባለው የማያሰክረው ንጥረ ነገር በአሲድ ሲታሽ «ዴልታ-8» ይሆናል፤ ይህም ያሰክራል፤ ነገር ግን «ዴልታ-9» አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2022 የዘጠነኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሕጉ ቃል ግልጽ እስከ ሆነ ድረስ ዴልታ-8 በሄምፕ ትርጓሜ ውስጥ ይገባል ሲል ወሰነ። ፍርድ ቤቱ የሕግ አውጪው ሐሳብ ሌላ ቢሆን እንኳ ቃሉን ማረም የሕግ አውጪው ሥራ ነው ብሎ ነበር።

የመቶኛው ስሌትም ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። ለደረቅ ቅጠል የተቀመጠው 0.3 በመቶ አራት ግራም በሚመዝን ከረሜላ ላይ ሲሰላ 12 ሚሊግራም ቲኤችሲ ይሆናል፤ ይህም የሚያሰክር መጠን ነው። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የነበረውን ሁኔታ ብናይ፣ የቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ አንድ ጥቅል ከ2 ሚሊግራም በላይ ቲኤችሲ እንዳይኖረው፣ ካለዚያም ለአንድ እጅ ቲኤችሲ ሃያ አምስት እጅ ካናቢዲዮል እንዲኖረው አዘዘች። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል የበጀት ሕግ የሄምፕን ትርጓሜ እንደገና ጻፈው፤ ዴልታ-9ን ብቻ ሳይሆን ጠቅላላውን ቲኤችሲ እንዲለካ አደረገ፤ ከተክሉ ውጭ በኬሚካዊ መንገድ የተሠራውን ከትርጓሜው አወጣ፤ ለሸማች በሚቀርብ አንድ ማሸጊያም ከ0.4 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ድንጋጌው ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲጸና ተደርጎ ወጣ። በፊተኛው ሕግ 12 ሚሊግራም ይይዝ የነበረው ከረሜላ በኋለኛው ከተፈቀደው ሠላሳ እጥፍ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ከረሜላው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአንድ ቃል ትርጓሜ ነው።

፮. ከ«ሱሰኛ» ወደ «ሸማች»

ሕግ ሲለወጥ የነገሩ ስም ብቻ ሳይሆን የሰውየውም ስም ይለወጣል። በአማርኛ ይህን ተክል የሚወስድ ሰው «ሱሰኛ»፣ ለስለስ ሲል «ተጠቃሚ» ይባላል። «ተጠቃሚ» ደግሞ ጥቅም ከሚለው የወጣ ስለሆነ በልማት ጽሑፎቻችን «የንጹሕ ውኃ ተጠቃሚ ሕዝብ» እንደምንለው ምስጋና ያለበት ቃል ነው። የጐዳና አነጋገር ከዚህ ሁሉ የተሻለ ይለያል፤ ጫት የቃመ «መረቀነ» ይባላል፤ ካናቢስ ያጨሰ ግን «ጦዘ» ይባላል። የአሜሪካው ሕግ ከ2018 በኋላ ይህንኑ ሰው ከሱቅ ደረሰኝ ተቀብሎ የሚወጣ፣ በማሸጊያው ላይ መጠኑ በትክክል ሊጻፍለት የሚገባ፣ ቢታለል የሚከስ ገዢ አደረገው። በእኛ የሕግ አማርኛ ይህ ሰው «ሸማች» ነው። ቃሉ እህል ከገበያ መሸመት ከሚለው የተገኘ ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ውስጥ ቦታውን ይዟል።

ተርጓሚው በዚህ ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። ስለ አሜሪካው ሕግ ሲተረጕም «ሱሰኛ» ካለ ሕጉ ያላለውን ስድብ ይጨምራል፤ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ሲጽፍ «ሸማች» ካለ ደግሞ ሕጉ ያልሰጠውን መብት ይሰጣል። በዋሽንግተን ዳርቻ ከሱቅ የገዛውን ከረሜላ በሻንጣው ይዞ ለበዓል ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በአንድ የበረራ ሌሊት ከ«ሸማች»ነት ወደ «ተከሳሽ»ነት ሊሻገር ይችላል። ማሸጊያው ላይ ያለው ቃል በአማርኛ «ቃጫ» ተብሎ ተነግሮት ከሆነ፣ ለዚህ ከተጠያቂዎቹ አንዱ መዝገበ ቃላቱ ነው።

፯. የጫት ንጽጽር

ነገሩ ለእኛ እንግዳ እንዳልሆነ ከጫት ታሪክ እንረዳለን። ጫት በኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰብልና የወጪ ንግድ ዕቃ ነው። በውስጡ ያሉት ካቲኖንና ካቲን ግን በ1971ዱ ስምምነት ሠንጠረዦች ውስጥ ተመዝግበዋል፤ ቅጠሉ ራሱ አልተመዘገበም። በአሜሪካ ትኩስ ጫት ካቲኖን ስላለበት ይወረሳል፤ በብሪታንያ እስከ እ.ኤ.አ. ጁን 2014 ድረስ በየሱቁ ይሸጥ የነበረው በዚያው ወር 24 ቀን ተከለከለ። እንግዲህ የካናቢስ ነገር የጫት ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ሸቀጥ የሆነው እዚህ ወንጀል ነው፤ እዚህ ሸቀጥ የሆነው እዚያ ወንጀል ነው። በሁለቱም ጕዳይ ላይ ተክሉና ንጥረ ነገሩ በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጫትን በትክክለኛ ስሙ ጠርተን ካቲኖንን በውሰት ስሙ የምንለየው ከሆነ፣ ካናቢስንና ቲኤችሲን እንዲሁ መለየት አያቅተንም።

፰. ለውይይት የሚቀርብ አስተያየት

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች ለባልደረቦች ውይይት ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ ለተክሉ በሕግና በሳይንስ ጽሑፍ «ካናቢስ» የሚለው ውሰት ብቻ ቢጸና፤ «ዕፀ ፋርስ» እና «አስተናግር» ለዳቱራ ቢተዉ።

ሁለተኛ፣ «ቃጫ» ለሲሳልና ለእንሰት ጭረት ይቆይ። ለጭረትና ለዘር የሚለማው ካናቢስ በጠቅላላ ጽሑፍ «የቃጫ ካናቢስ» ሊባል ይችላል፤ ይህ አጠራር ጥቅሙን ሲናገር ዝርያውን አይሰውርም። የአንድ አገር ሕግ በሚተረጐምበት ጊዜ ግን «ሄምፕ» የሚለውን በውሰት ጽፎ የሕጉን ዓመትና የመጠኑን ወሰን ከቃሉ ጋር ማስቀመጥ ይገባል፤ የ2018ቱ ሄምፕና የ2025ቱ ሄምፕ አንድ ነገር አይደሉምና። «ከሄምፕ የተገኘ» ለሚለውም ቲኤችሲ እንዳለበት ሳይጠቀስ የሚቀርብ አቻ የተሟላ ሆኖ አይቈጠርም።

ሦስተኛ፣ የሙያው «ሐሺሽ» ሲተረጐም «የካናቢስ ሙጫ» ይባል፤ ምስክር ወይም ተከሳሽ በአማርኛ «ሐሺሽ» ሲል ግን አስተርጓሚው ቃሉን እንደ ተነገረ አቅርቦ ቅጠል ወይም ሙጫ መሆኑ እንዲጠየቅ ለፍርድ ቤቱ ያሳስብ እንጂ በራሱ ሥልጣን አይወስን።

አራተኛ፣ «አደንዛዥ ዕፅ» የሕዝብ ቃል ሆኖ ስለ ጸና ከመዝገበ ቃላት አይወጣም፤ ነገር ግን ፍቺው ሲጻፍ ዱቄትንና እንክብልን እንደሚጨምር ይገለጽ። በሕክምና ጽሑፍ «ናርኮቲክ መድኃኒት» ይቅደም። አደንዛዥ፣ አስካሪ፣ አነቃቂ የሚሉት ሦስቱ ቅጽሎች እንደየጠባያቸው ተለይተው ይሠራባቸው፤ ካቲኖን ያነቃቃል እንጂ አያደነዝዝምና።

አምስተኛ፣ «ሱሰኛ»፣ «ተጠቃሚ» እና «ሸማች» የሚሉት የሚመረጡት በተርጓሚው ስሜት ሳይሆን የሚተረጐመው ሕግ ለሰውየው በሰጠው ደረጃ መሠረት ይሁን።

የወንጀል ሕጋችን በሁለተኛው አንቀጽ ሕግ ወንጀል ያላለውን ድርጊት ዳኛ በማመሳሰል ወንጀል እንዳያደርገው ይከለክላል። ይህ ታላቅ ዋስትና የሚሠራው ግን ቃሉ የቆመበት ስፍራ ሲታወቅ ነው። የጉለሌው ገመድ ነጋዴ፣ የሥነ ዕፅዋት ሊቁ፣ ኬሚስቱና መርማሪው በአንድ ቃል አራት ነገር እስከ ተረዱ ድረስ፣ ማመሳሰሉ ከዳኛው በፊት በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ተፈጽሟል። ሕግ አውጪዎች ወሰኑን ነገም ከነገ ወዲያም ሊለውጡት ይችላሉ፤ ያ የእነርሱ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ወሰኑ በተለወጠ ቁጥር ምን እንደ ተለወጠ አማርኛ አንባቢው በቃሉ ላይ እንዲያየው ማድረግ ነው።